ስለ ሳይ ፓላቪ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ፦ ባል፣ ምግብ፣ ክሬምና ሌላም

ስለ ደቡብ ህንድ ፊልም በጻፍኩ ቁጥር የሚመጣልኝ ጥያቄ ስለ ፊልሙ አይደለም፣ ስለ ተዋናዮቹ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ ስለ አንዷ ብቻ። እድሜ ለትርጉም ፊልም፣ ከታክሲ ረዳት እስከ ዩኒቨርሲቲ ዶርም፣ ሪያድ ሰው ቤት ከምትሰራው እህታችን እስከ ሰፈሬ ጸጉር ቤት ድረስ ሳይ ፓላቪን የማያውቅ ጠፍቷል። የተጠራቀመውን ዛሬ ላራግፈው ብዬ ነው። ደብዳቤዎቹን በራሴ አነጋገር አሳጥሬያቸዋለሁ፣ አንዳንዶቹ ላይ የነበረውን ስድብ ደግሞ ለጸሐፊዎቹ ክብር ስል አውጥቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ አግብታለች? (ከአዳማ፣ ከጅማ፣ ከሪያድ፣ ከቴል አቪቭ፣ ከየትም)

መልስ፦ ይሄን እስከምጽፍ ድረስ አላገባችም። "ኧረ በዓይኔ አይቻለሁ፣ አንገቷ ላይ አበባ አድርጋ ከሰውየው ጋር ቆማለች" ላላችሁኝ፣ ያያችሁት ፎቶ እውነተኛ ነው፣ ግን የተቆረጠ ነው። በፈረንጆቹ መስከረም 2023 የተሰራጨው ያ ፎቶ የተነሳው "አማራን" የተባለው ፊልም ሥራ ሲጀመር በተደረገው ጸሎት ላይ ነው። እዚያ አገር ፊልም ሊጀመር ሲል ፑጃ ይደረጋል፣ ዳይሬክተሩም ተዋናዮቹም የአበባ ጉንጉን ይጠለቅላቸዋል፣ ያው ልማዱ ነው። አንዱ ብልጥ የቀረውን ሰው ሁሉ ከፎቶው ቆርጦ አወጣና እሷንና ዳይሬክተሩን ብቻ አስቀርቶ ተጋቡ ብሎ ለቀቀው። ለወሬ ብዙም መልስ የማትሰጥ ሴትዮ ያኔ ግን ነገሩ እንደ ቤተሰብ የማያቸውን ጓደኞቼን ነካ ብላ በግልጽ ተናገረች። የ2024ቱን የሰርግ ቪዲዮ የላካችሁልኝም፣ ሙሽራዋ ታናሽ እህቷ ነች፣ ሳይ ፓላቪ ከጎን ሆና የምትጨፍረዋ ናት። አንዴ ሙሽራዋን እዩዋት እስኪ!

ጥያቄ፦ ስልክ ቁጥሯን ታውቃለህ? (ከሻሸመኔ)

መልስ፦ አላውቅም። ባውቅም አልሰጥህም።

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን የጻፉልኝ ጡረተኛ መምህር ናቸው። ሁለተኛ ደረጃ ሂሳብ ያስተማሯቸው ሰው የኬራላ ተወላጅ ስለነበሩ አነጋገሩን ያውቁታል፣ ልጅቷን "ፕሬማም" በሚባለው ፊልሟ ላይ አይተው "ይቺ የኬራላ ልጅ ናት" ብለው ከልጅ ልጃቸው ጋር ተወራርደዋል።

መልስ፦ ይቅርታ ጋሼ፣ ውርርዱን የልጅ ልጅዎ በልቷል። ፊልሙ የኬራላ ነው፣ ቋንቋውም ማላያላም ነው፣ እሷ ግን የጎረቤቱ ክፍለ ግዛት የታሚል ናዱ ልጅ ናት። በ1992 በፈረንጆቹ ኮታጊሪ በምትባል የኒልጊሪ ተራሮች ከተማ ተወልዳ ከተራራው ሥር ባለችው ኮይምባቶር ነው ያደገችው። ቤተሰቦቿ ባዳጋ ከሚባለው የዚያው ተራራ ማህበረሰብ ናቸው፣ የራሳቸው ቋንቋና የራሳቸው የሰርግ ወግ አላቸው፣ ቅድም ያልኩት የእህቷ ሰርግም በዚያ ወግ ነው የተደረገው። ኮታጊሪ ከፍታዋ ከባህር ዳር ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ግን ቀዝቃዛና ጭጋጋማ፣ ዙሪያዋ ሁሉ የሻይ ቅጠል የሆነ አገር ናት። ደግሞ ጋሼ፣ ፊልሙን እንደገና ቢያዩት እሷ የምትጫወተው ኬራላ ኮሌጅ ውስጥ ለማስተማር የመጣች ታሚል መምህርትን ነው፣ ማላያላም ስትናገር መንገዳገዷም የታሪኩ አካል ነው። ለሂሳብ መምህርዎ ግን ነፍስ ይማር እላለሁ፣ በጃንሆይና በደርግ ጊዜ ትምህርት ቤቶቻችን ውስጥ ከነበሩት ህንዶች ብዙዎቹ የኬራላ ሰዎች ነበሩ፣ እናቴ እስከ ዛሬ አልጀብራን በነሱ አነጋገር ነው የምታስታውሰው።

ጥያቄ፦ ዶክተር ናት የሚባለው ጉራ ነው አይደል? ህክምና እየተማረ ፊልም የሚሰራ ሰው አለ? እውነት ከሆነ እኔም ጆርጂያ ሄጄ መማር እፈልጋለሁ። (የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከሀዋሳ)

መልስ፦ ጉራ አይደለም። ትብሊሲ ስቴት ሜዲካል ዩኒቨርሲቲ ተምራ በ2016 ጨርሳለች፣ በ2015 የወጣውን "ፕሬማም"ንም የቀረጸችው በእረፍት ጊዜዋ መጥታ ነው፣ ቀረጻው ሲያልቅ ተመልሳ ክፍል ገባች። አስበው፣ አገር ሙሉ ሰው በፊልሙ ሲያብድ እሷ ገና የህክምና ተማሪ ነበረች። ህንድ ውስጥ ደግሞ ውጭ አገር ህክምና የተማረ ሰው ፈቃድ ለማግኘት ሌላ የማጣሪያ ፈተና መፈተን አለበት፣ በ2020 በኮሮናው መሃል ትሪቺ ከተማ ፈተና ጣቢያ ሄዳ ስትፈተን ማስክ አድርጋ ከተፈታኞች ጋር የተነሳችው ፎቶ ዞሮ ነበር። ስለዚህ ዲግሪው አላት፣ ሙያዋ ግን ትወና ነው፣ ስቴቶስኮፕ አንጠልጥላ በሽተኛ የምታይ ሰው አይደለችም። (የጨጓራ ምልክቱን ዘርዝሮ "እሷ ምን ትል ይሆን" ብሎ የጻፈልኝ ወንድሜ ይሄን ልብ ይበል። ጤና ጣቢያ ሂድ።)

ያንተን በተመለከተ፣ ተዋናይት የተማረችበት ስለሆነ ዩኒቨርሲቲ አይመረጥም፣ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ሁለተኛው፣ ውጭ ተምረህ ስትመለስ ዲግሪህ እዚህ አቻ ግምት ይፈልጋል፣ ገንዘብ ከመክፈልህ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ሄደህ ጠይቅ፣ ደላላ አትጠይቅ።

ጥያቄ፦ ለራማያና ፊልም ብላ ሥጋ አቁማለች፣ ምግብ አብሳዮች አስከትላ ነው የምትዞረው ይባላል፣ እውነት ነው? እኔ ዱባይ ነው የምሰራው፣ የህንዶች ምግብ የጾም ነው ብዬ እገዛለሁ፣ እሷም እንደኛ ጿሚ ናት ማለት ነው?

መልስ፦ ሁለት የተለያየ ነገር ነው የጠየቅሽኝ፣ ሁለተኛው ይበልጥብኛል። ወሬው በታህሳስ 2024 በፈረንጆቹ የወጣ ነው፣ እሷም ተቆጥታ ዳግመኛ እንዲህ ያለ ፈጠራ ካያችሁብኝ በህግ እጠይቃለሁ ብላ ነው የመለሰችው። ሥጋ ያቆመችው ለፊልም አይደለም፣ ድሮም አትበላም፣ ከድሮ ጀምሮ በቃለ መጠይቆች የምትለው ነፍስ ያለው ነገር ሲሞት ማየት አልችልም ነው። በራማያና ሂንዱዎች እንደ አምላክ የሚያከብሯትን ሲታን ስለምትጫወት ጻድቅ ሊያደርጓት የፈለጉ ሰዎች ናቸው ታሪኩን ያሳመሩት፣ አብሳይ አስከትላ ትዞራለች የሚለውም ከዚያው የተጨመረ ቅመም ነው።

አሁን ወዳንቺ። ህንድ ውስጥ ሥጋ የማይበላ ሰው ማለት እንደኛ ጿሚ ማለት አይደለም እህቴ። ብዙዎቹ ወተት ይጠጣሉ፣ እርጎ ይበላሉ፣ ፓኒር የሚሉት አይብ አላቸው፣ ወጣቸውም በጊ ሊሰራ ይችላል፣ ጊ ማለት ያው የኛ ንጥር ቅቤ ነው በይው። እንቁላል ነው ብዙዎቹ የማይነኩት። ስለዚህ ሱፐርማርኬት ውስጥ የህንድ ብስኩትና ጣፋጭ ላይ የምታይው በካሬ ውስጥ ያለ አረንጓዴ ነጥብ "ሥጋና እንቁላል የለበትም" ነው የሚልሽ፣ "ወተት የለበትም" አይልሽም። ሁዳዴን በአረንጓዴ ነጥብ እየተማመንሽ ካሳለፍሽ... እሱን ከንስሃ አባትሽ ጋር ተነጋገሪበት፣ እኔ የፊልም ሰው ነኝ። ከእንግዲህ ግን ጀርባውን ገልብጠሽ ውስጡ ያለውን አንብቢ።

ጥያቄ፦ ቁመቷ ስንት ነው? (ከወልቂጤ)

መልስ፦ ሜትር ይዤ አልሄድኩም።

ጥያቄ፦ ከደሴ የጻፈችልኝ የ19 ዓመት ልጅ ናት። ሳይ ፓላቪ ያለ ሜካፕ ፊቷ የሚያበራው በምን ክሬም እንደሆነ ንገረኝ ትላለች። እሷ ከኮስሞቲክስ ቤት የተቀላቀለ ክሬም እየገዛች ትቀባለች፣ መጀመሪያ ሁለት ወር ፊቷ ፈክቶ ሰው ሁሉ አደነቃት፣ አሁን ግን አንድ ቀን ካልተቀባች ያቃጥላታል፣ ይቀላል፣ ብጉር ይወጣባታል፣ ጉንጯ ላይም ጸጉር ጀምሯል። "ኦርጂናል ስላልሆነ ይሆን? የሷን ዓይነት ንገረኝና እሱን ልግዛ።"

መልስ፦ የሷን ዓይነት ክሬም የለም። ይቺ ሴት በ2019 የፊት ማንጫ ክሬም አስተዋውቂ ተብላ እንቢ ያለች ሴት ናት፣ የቀረበላት ገንዘብ ጋዜጦች እንደጻፉት 2 ክሮር ሩፒ፣ ማለትም 20 ሚሊዮን ሩፒ ነበር። ስትጠየቅ የመለሰችውን በኔ አፍ ልንገርሽ፣ ያን ብር ይዤ ምን ላደርግበት ነው፣ ቤቴ ገብቼ የምበላው ያው ቻፓቲና ሩዝ ነው፣ ይሄ የኛ የህንዶች መልክ ነው አለች። ከዚያ ስለ እህቷ አወራች። ታናሽ እህቷ ከሷ ጠቆር ስለምትል ልጅ ሆና በዚህ ትጨነቅ ነበር፣ ሳይ ፓላቪ ደግሞ እንደ ቀልድ መቅላት ከፈለግሽ አትክልትና ፍራፍሬ ብዪ አለቻት፣ ልጅቷ አትክልት የምትጠላ ልጅ ሆና ሳለ ለመቅላት ብላ በላች። ያቺን ነገር ሳስብ አፍራለሁ፣ ከኔ በ5 ዓመት የምታንስ ልጅ ላይ አንድ ቃሌ እንዲህ ከሰራ ማስታወቂያማ ምን ያደርጋል ነው ነገሯ።

"ያለ ሜካፕ የሚያበራ ፊት" የምትይውም፣ እሷ ራሷ ብጉር ነበረባት። "ፕሬማም" ሲቀረጽ ዳይሬክተሩ ሜካፕ አትቀቢ አላት፣ እሷ ደግሞ ብጉሬን አይተው ሰዎች ምን ይሉኛል ብላ ፈርታ እንደነበር ደጋግማ ተናግራለች። ፊልሙን ልብ ብለሽ እይው፣ ጉንጯ ላይ ይታያል፣ ማንም አልደበቀውም። ሰዉም ከነብጉሯ ነው የወደዳት። ይሄ በደቡብ ህንድ ፊልም ቀላል ነገር እንዳይመስልሽ፣ እዚያ ያለው ህዝብ አብዛኛው ጠይምና ጥቁር ሆኖ ሳለ ለዓመታት ዋና ሴት ተዋናይ ስትፈለግ ቋንቋውን የማትችል ቀይ ልጅ ከሰሜን እየመጣች፣ ድምጿን ሌላ ሰው እየተካላት ነው ብዙ ፊልም የተሰራው። ያ ፍላጎት ደግሞ ገበያ አለው፣ "ፌር ኤንድ ላቭሊ" የተባለው ክሬም ህንድ ውስጥ መሸጥ የጀመረው በ1975 ነው፣ በ2020 ስሙን "ግሎው ኤንድ ላቭሊ" ብለው ቀየሩት፣ ስሙ ነው የተቀየረው።

አሁን ወዳንቺ ፊት እንምጣ፣ ሳይ ፓላቪን እዚህ ጋ እንተዋት።

የነገርሽኝ ነገር ሁሉ፣ መጀመሪያ መፍካቱ፣ ሲቀር ማቃጠሉ፣ መቅላቱ፣ ብጉሩ፣ ጸጉሩ፣ አንድ ላይ ሲሆን ስቴሮይድ ያለበት ክሬም ለረጅም ጊዜ የተቀባ ፊት ላይ የሚታይ ነገር ነው። ኦርጂናል ስላልሆነ አይደለም፣ መድሃኒት ስለሆነ ነው። ክሎቤታሶልና ቤታሜታሶን የሚባሉት ሀኪም ለችፌና ለመሳሰለው ለአጭር ጊዜ የሚያዛቸው ናቸው፣ ፊት ላይ ለወራት ሲቀቡ ቆዳውን ያሳሱታል፣ የደም ስሮቹ ይታያሉ፣ ቆዳውም ይለምዳቸዋል፣ ስታቆሚ ያ ሁሉ ቁጣ ይመጣል፣ አንቺም ደንግጠሽ ተመልሰሽ ትቀቢያለሽ፣ ከሻጩም ተመልሰሽ ትገዢዋለሽ። ህንድ ውስጥ ይሄ ነገር በጣም ከመብዛቱ የተነሳ የቆዳ ሀኪሞቹ ተነስተው ጮኸው በ2018 መንግሥት ብዙዎቹን የስቴሮይድ ቅባቶች ያለ ሀኪም ማዘዣ እንዳይሸጡ አደረገ።

የተቀላቀለ ክሬም ውስጥ ሌላም ሊኖር ይችላል። ሃይድሮኪኖን ሀኪም ለማዲያት በልክና በጊዜ ገደብ ያዘዋል፣ ያለ ልክ ለዓመታት ሲቀባ ግን ለማንጣት የተገዛው ክሬም ፊትን ሰማያዊ ነገር ያለው ጥቁር ያደርገዋል፣ ያ ደግሞ ለመመለስ አስቸጋሪ ነው። ሜርኩሪ ያለባቸውም አሉ። ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳል፣ ነርቭ ይጎዳል፣ በፎጣና በእጅ ንክኪ ቤት ውስጥ ላለ ህጻንም ሊተላለፍ ይችላል፣ ሚናማታ የሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት በመዋቢያ ውስጥ እንዳይገባ የከለከለው በከንቱ አይደለም። የተቀላቀለ ክሬም መጥፎነቱ ይሄ ነው፣ በስኒ ማንኪያ እየተለካ ከየትኛው ቱቦ ስንት እንደገባ የቀላቀለው ሰውም አያውቀውም። የአክስቴ ልጅ ለሰርጓ ብላ የጀመረችው ቅባት ነበር፣ በሰርጓ ቀን ፊቷን ለማስተካከል ሜካፕ ሰሪዋ ስትለፋ የነበረውን እኔ ነኝ የማውቀው፣ ፎቶዎቹን እስከ ዛሬ ለሰው አታሳይም።

ስለዚህ እህቴ፣ ሌሎቹን ጠያቂዎቼን ሀኪም ሂዱ የምለው እንደ ልማድ ነው፣ አንቺን ግን ልማድ አይደለም። ሂጂ። በዚህ ሳምንት ሂጂ። ደሴ ነሽ፣ ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል አጠገብሽ ነው፣ በቆዳ ህክምና ስሙ የታወቀ ነው፣ አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ አለርት ሆስፒታል አለ። ስትሄጂ ክሬሙን ከነዕቃው ይዘሽ ሂጂ፣ ስንት ወር እንደተቀባሽ፣ በቀን ስንቴ እንደሆነ ሳታፍሪ ንገሪያቸው፣ አርግዘሽ ከሆነ ወይ ለማርገዝ እያሰብሽ ከሆነ መጀመሪያ የምትናገሪው እሱን ይሁን። ቀጠሮሽን ሳታዪ በራስሽ ጊዜ በአንዴ አቁመሽ ፊትሽ ሲቆጣ ደግሞ ሌላ ክሬም አትደርቢበት፣ እንዴት እንደሚቆም የሚነግርሽ ሀኪሙ ነው። ሎሚም አትቀቢ! ኢንተርኔት ላይ "የሳይ ፓላቪ የውበት ምስጢር" እየተባለ የሚዞረውን የእርድና የሎሚ ውህድ አይቻለሁ፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ የወጣ ፊት ይቃጠላል፣ ሲድንም ጥቁር ምልክት ይተዋል። ይሄንን ብታይ እሷም በተናደደች ነበር። ተመርምረሽ ስትመለሺ ጻፊልኝ፣ ክሬሙ ምን እንደነበረ ከነገሩሽም ንገሪኝ፣ ለሌሎቹ እጽፈዋለሁ።

ጥያቄ፦ ሳይ ፓላቪ ሁሌ ሳሪ ነው የምትለብሰው፣ ጨዋ ናት። የኛ አገር ተዋናዮች ለምን ከሷ አይማሩም? አንተም ለምን አትመክራቸውም? (ከሲልቨር ስፕሪንግ)

መልስ፦ አልመክርም። የሷን ታሪክ ግን ልንገርህ፣ አንተ ካሰብከው ለየት ይላል። ጆርጂያ ተማሪ ሳለች ታንጎ የደነሰችበት ቪዲዮ አለ፣ የታንጎ ልብስ ያው እንደምታውቀው እግር የሚያሳይ ቀሚስ ነው፣ ሲደነስ ማንም ምንም አላላትም፣ ዳንስ ነበር። "ፕሬማም" ወጥቶ ስትታወቅ ያ ቪዲዮ ተቆፍሮ ወጣ፣ ሰዉም ዳንሱን ትቶ እግሯን እያየ የጻፈላት ነገር አንገሸገሻት። ከዚያ በኋላ ነው እንዲህ ያለ ልብስ በፊልም አልለብስም ብላ የወሰነችው። እንግዲህ ጨዋነት የምትለው ነገር ውስጥ የሰው ዓይን ያሳደረባት ቁስልም አለበት። ሳሪ የምትወደው ስለሚመቻት ነው፣ ራሷ ስላለችው ነው የምነግርህ፣ ሌላ ሴትን እንድትመታበት ዱላ አድርጋ አላቀበለችህም። ደግሞ አንተ እዚያ አገር በጋውን በቁምጣ ነው የምታሳልፈው አይደል?

ጥያቄ፦ የ9 ዓመት ልጄ "ራውዲ ቤቢ"ን ቀን ከሌት ትጨፍራለች፣ ጎረቤት ተማረረ። ሳይ ፓላቪ ዳንስ የት ነው የተማረችው? ልጄንስ ላስተምራት? (ከአዳማ)

መልስ፦ ክላሲካል ዳንስ በመደበኛ አልተማረችም፣ ይሄ ብዙ ሰው ያስገርማል። እያየች ነው የለመደችው፣ በ2008 በታሚል ቴሌቪዥን የዳንስ ውድድር፣ በ2009 ደግሞ በቴሉጉ ቋንቋ በሚተላለፈው "ዲ" በተባለ ውድድር ላይ ተወዳድራለች፣ ያኔ ገና ተማሪ ናት። "ራውዲ ቤቢ" የ"ማሪ 2" ፊልም ዘፈን ነው፣ ዳንሱን የሰራው ፕራቡ ዴቫ ነው፣ ዩቲዩብ ላይ ከ1 ቢሊዮን ጊዜ በላይ ታይቷል፣ ከዚያ ውስጥ ግማሹ የርስዎ ልጅ ትመስለኛለች። ያስተምሯት እንጂ! ጎረቤቱም ሰዓቱን ስለሚያውቀው ያርፋል።

ጥያቄ፦ 27 ዓመቴ ነው። እናቴ የምታመጣልኝን ሴት ሁሉ እምቢ እያልኩ ነው፣ አንዳቸውም እንደ ሳይ ፓላቪ አይስቁም። ምን ይሻለኛል? (ከአርባ ምንጭ)

መልስ፦ አንዷ ስቃ ታሳይሃለች ወንድሜ፣ አንተ ግን መጀመሪያ የሚያስቅ ነገር አውራ። ያ የምትወደው ሳቅ "ፊዳ" ፊልም ላይ ያለው ከሆነ እሱ የባኑማቲ ሳቅ ነው፣ የቴላንጋና ገጠር ልጅ ሆና የተጫወተችው፣ ዳይሬክተር ያለው፣ ካሜራ ያለው፣ ካልተሳካ የሚደገም ሳቅ ነው። እናትህ የምታመጣት ልጅ ደግሞ ሳሎን ውስጥ አክስቶችህ ተደርድረው እያዩዋት ቡና ይዛ የተቀመጠች ልጅ ናት፣ እንዴት ብላ ትሳቅ? ውጭ አግኛት። ነገሩ እንቅልፍና ምግብ የሚከለክል ከሆነ የሥነ ልቦና ባለሙያ አለ፣ ከደብዳቤህ ግን በደንብ እየበላህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ራማያና መቼ ነው የሚወጣው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ክፍል ለ2026 ዲዋሊ፣ ሁለተኛው ለ2027 ዲዋሊ ነው የተባለው። ራማን ራንቢር ካፑር፣ ራቫናን ያሽ፣ ሲታን እሷ። ዲዋሊ የህንዶች የብርሃን በዓል ነው፣ በጥቅምት ወይ ህዳር በፈረንጆቹ ነው የሚውለው። እስከዚያ ቴሌግራም ላይ "ሙሉ ራማያና" ብሎ የሚልክላችሁ ሰው ወይ ሌባ ነው ወይ ድሮ የተሰራ ሌላ ነገር ነው የሚሰጣችሁ።

ጥያቄ፦ ትርጉም ፊልም ብቻ ነው ያየሁት፣ ተራኪው ሁሉም ቦታ ላይ ይቀልዳል። በትክክል ልያት ብል ከየትኛው ልጀምር? (ከጎንደር፣ ነርስ ናት)

መልስ፦ ጎሽ፣ ይሄን ጥያቄ ነበር ስጠብቅ የነበረው። የድሮዎቹን ተራኪዎች አልሳደብም፣ እነሱ ባይኖሩ ይሄ ሁሉ ደብዳቤ አይመጣም ነበር፣ ግን እሷ ላይ ትልቁ ነገር ዝም ስትል ፊቷ ላይ የሚሆነው ነው፣ ተራኪው ደግሞ ዝምታ አይወድም። በእንግሊዝኛ ሰብታይትል እያነበብሽ እዪ። ለመጀመሪያ "ፊዳ"ን፣ 2017 ነው፣ ቀላልና የሚያስቅ ነው፣ ቴሉጉ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ ሳይሆን የቴላንጋናን ዘዬ ተምራ በራሷ ድምጽ ነው የተናገረችው፣ ቅድም ድምጻቸውን ሌላ ሰው ይተካላቸዋል ካልኳቸው ጋር አወዳድሪያት። ከዚያ "አማራን"፣ 2024፣ በካሽሚር የሞተ የእውነት ወታደር ታሪክ ነው፣ እሷ ሚስቱን ነው የምትጫወተው፣ መሃረብ ያዢ። "ታንዴል" በ2025 የወጣው ደግሞ ከአንድራ ፕራዴሽ ስሪካኩላም ወጥተው ባህር ላይ ፓኪስታን ስለያዘቻቸው ዓሣ አጥማጆች ነው፣ ለዘፈኖቹ ብለሽ ታይዋለሽ።

"ጋርጊ"ን ለመጨረሻ አቆይው። 2022 ነው፣ ታሚል ነው፣ አንድም ዳንስ የለበትም። አስተማሪ ናት፣ አባቷ በህጻን ላይ በተፈጸመ ጥቃት ተጠርጥሮ ይታሰራል፣ እሷ ጠበቃ ፍለጋ ትዞራለች፣ ከዚህ በላይ አልነግርሽም፣ መጨረሻውን የሚነግርሽ ሰው ካለም ጆሮሽን ያዢ። የሌሊት ተረኛ ሆነሽ ዋርድ ውስጥ በስልክ አትዪው፣ ቤትሽ እረፍት ቀንሽ ላይ እዪው፣ ልጆች ካሉሽ ደግሞ ከተኙ በኋላ።